የቻንድራ ቴሌስኮፕ ዕጣ ፈንታ በበጀት ሚዛን ላይ

ቻንድራ የተሰኘው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ምድርን እየዞረ የሰማይ አካላትን ምስል ያነሳል። የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ በ2024 ያቀረበው ዕቅድ ግን የቴሌስኮፑን ዓመታዊ በጀት ከ68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 41 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ የሚያደርግ ነበር። ተመራማሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቴሌስኮፑም ሥራውን ቀጠለ። በ2025 የቀረበው ዕቅድም ከባድ ቅነሳ ይዞ በመምጣቱ ክርክሩ አልተቋጨም።

የክርክሩን ክብደት ለመረዳት የኤክስሬይ ምስል እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ያሻል። የሰማይ ኤክስሬይ ከባቢ አየርን አልፎ መሬት አይደርስምና መሣሪያው ወደ ጠፈር መውጣት ግድ ይለዋል። ተራ መስታወትን ፊት ለፊት ሲመታም ሰርጎ ይገባል እንጂ አይንጸባረቅም። ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል የተወረወረ ድንጋይ ይሰምጣል፤ ከውኃው ወለል ጋር ተስተካክሎ የተወረወረው ግን እየነጠረ ይሄዳል። ኤክስሬይም እንዲሁ ነው። በርሜል መሰሎቹ የቻንድራ መስታወቶች አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካኩ አራት ጥንዶች ሲሆኑ፣ ጨረሩ በስሱ እየነካቸው ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። በዚህም ከ1 ኪሎ ሜትር ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን የመለየት ያህል ጥራት ተገኝቷል።

ጉልበቱ እጅግ ለሚበልጠው የጋማ ጨረር ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። በ2002 የመጠቀው የአውሮፓ ኢንተግራል ጨረሩን በቀዳዳማ ጭንብል አሳልፎ፣ እንደ ወንፊት ጥላ ካረፈው ንድፍ ምንጩን ያሰላ ነበር፤ ምልከታውንም በ2025 አጠናቋል። በናሚቢያ የሚገኘው ሄስ ደግሞ የጋማ ጨረር አየሩን ሲመታ የሚፈነጥቀውን ቅጽበታዊ ሰማያዊ ብርሃን ከምድር ሆኖ ይቀርጻል። ዘዴው በጨረሩ ጉልበት የሚወሰን በመሆኑ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

በኤክስሬይም ቢሆን ተተኪ የለም። በ2023 የመጠቀው የጃፓን ክሪዝም የጨረሩን ጉልበት በረቂቁ ይለካል፤ በ2024 የመጠቀው የቻይና አንስታይን ፕሮብ ሰፊ ሰማይ ይቃኛል፤ በምስል ጥራት ግን ሁለቱም ቻንድራን አይስተካከሉም።

ቻንድራ በፍንዳታ ከጠፋ ኮከብ የተረፈውን ካሲዮፒያ ኤን በ1999 አንስቶ፣ በየጊዜው እየተመለሰ መስፋፋቱን ይከታተላል። የዝናብ መዝገብ ለዓመታት ቢቋረጥ ያልተለካው ዝናብ ተመልሶ እንደማይለካ ሁሉ፣ ያልተነሳው ምስልም በኋላ በሚገኝ ገንዘብ አይነሳም። በበጀት ሰንጠረዡ ላይ የማይታየው ኪሳራ ይህ ነው።