ቁልፉ ምን ከፈተ?



የሙያ ጉባኤ ማለት ሐኪሙ ከሐኪም፤ የእርሻ ሊቁ ከእርሻ ሊቅ ተገናኝቶ ያገኘውን የሚያስረዳበት፤ የተሳሳተውም ያለ ይሉኝታ የሚታረምበት ሸንጎ ነው ተብለን ተምረናል። በየአዳራሹ የምናየው ግን ሌላ ሆኗል። የጧቱ ሰዓት፤ ሰው ገና ሳይደክም፤ ሻዩም ሳይቀርብ፤ «ቁልፍ ንግግር» ተብሎ ለአንድ አነቃቂ ተናጋሪ ይሰጣል። ተናጋሪው ዘግይቶ ይመጣል። «ከጎናችሁ ላለው ሰው እችላለሁ በሉት» ሲል ሽበት ያወጡ መምህራን ሳይቀሩ እንደ አንደኛ ክፍል ሕፃን ዞረው «እችላለሁ» ይባባላሉ። ድህነት ያለው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው ተብለው ያጨበጭባሉ። ከዚያ ተናጋሪው አበሉን ተቀብሎ፤ ሌላ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀበሌው እየዞረች መረጃ የሰበሰበችው ተመራማሪ ተራዋ ሲደርስ ግን ሰብሳቢው ሰዓቱን ያይና «በጊዜ እጥረት ምክንያት በአምስት ደቂቃ ቢያጠቃልሉልን» ይላታል።

ቁልፍ ከሆነ ምን ከፈተ?

ነገሩ ለሌላው ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ለባሌ ግን አይደለም። የሮቤና የጎባ አካባቢ ገበሬ ኑሮው በስንዴ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሩ ተነሥቶ ኩብሳ የተባለውን ዘር መታው። ብዙ ገበሬም ይህን ዋግ ወደሚችለው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ በዩጋንዳ ታውቆ ዓለምን ያስደነገጠውን፤ ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግ ጭምር የሚቋቋም ዘር ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፤ በ2013 መጨረሻ፤ ሌላ ዐይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ገብቶ ያንኑ ዲገሉን ፈጀው፤ ከመቶው መቶ ያህል የጠፋበት ማሳ ነበር። እንግዲህ ይህ ገበሬ ምን ጎደለው? ራእይ ነው? ጧት ተነሥቶ በመስተዋት ፊት «እችላለሁ» አለማለቱ ነው? የጎደለውማ ዋጉ ሳይደርስ የሚያስጠነቅቀው ሰው፤ በጊዜው የሚገኝ የዋግ መድኃኒትና የሚተካ ዘር ነበር። ይህን የሚያውቁት በሲናናና በቁሉምሳ የምርምር ማእከሎች ከማሳ ማሳ ሲንከራተቱ የሚውሉት ናቸው። አምስት ደቂቃ የሚጣልላቸውም እንደነሱ ላሉት ነው።

ንግግር ከንቱ ነው አንልም። በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለው የስንዴ ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ በ2005 በ91 ዓመቱ ናይሮቢ መጥቶ ስለ ዩጂ 99 ዓለምን አስጠንቅቋል። በሽታውን በስሙ ጠራው፤ የተዘናጋውንም ወቀሰ። ከዚያ ወዲያ በስሙ የሚጠራ የዋግ መከላከያ ኅብረት ቆመ። ቁልፍ ንግግር ይህ ነው፤ ተናጋሪው ዕድሜውን በማሳ የጨረሰ፤ ነገሩም ነገ ጧት የሚሠራበት። በባህላችንም ቢሆን ፎካሪ የሚፎክረው ውሎውን ቈጥሮ ነው፤ የባሌ ሰውም ገራርሳ ሲል የሠራውን ይዞ ነው። ሳይውል የፎከረ ይሣቅበታል እንጂ አበል አይከፈለውም።

ወደ ጤናው ክፍል እንምጣ። ከደሎ መና ወደ ጎባ ሆስፒታል የተላከች ወላድ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ በብርድ አቋርጣ ነው የምትደርሰው። የምትቀበላት አዋላጅ ነርስ ሌሊቱን ቆማ ያደረች ናት። ለዚህች ነርስ «የሕይወትሽን ተራራ ውጪ» ብሎ መስበክ ምን ይባላል? (ተራራውንስ ከተናጋሪው ይልቅ እኛ እናውቀዋለን፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ያውም ከደጃችን።) በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ነው። መነቃቃት አነሰን ያለ አልሰማንም።

የአነቃቂው ትምህርት ጕዳቱ እዚህ ላይ ነው። ደመወዙ ስላነሰ፤ መድኃኒቱ ስለ ጠፋ የሚጠየቅ አካል አለ። አነቃቂው ጥያቄውን ከዚያ አካል ትከሻ ላይ አንሥቶ በተቸገረው ሰው ራስ ላይ ይጭነዋል። የተቸገርኸው አስተሳሰብህን ስላልለወጥህ ነው ይለዋል። አዘጋጆቹስ ለምን ይወዱታል ቢሉ፤ የማንንም ስም ስለማይጠራ፤ የሚመለከተውንም ክፍል ስለማያስቀይም ነው። የምርምር ውጤት ግን ያስቀይማል፤ ቍጥር አለበትና።

ደግሞስ ማን ተኝቶ ነው የሚያነቃን? የባሌ ገበሬ በመሬቱና በግብሩ ነገር ተበድሎ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በነዋቆ ጉቱ መሪነት ሲያምፅ ቀስቃሽ በገንዘብ አልተከራየለትም። ከኛ በፊት የነበሩትም ተማሪዎች ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ በአዲስ አበባ በኮሌጁ ቀን «ድሀው ይናገራል» የተባለውን ግጥም ሲያነብ አንደበቱን ለድሀው አዋሰው እንጂ ድሀውን ንቃ ብሎ አልገሠጸውም።

ሰው ደክሞታል፤ ጥቂት ቢሥቅ ምን አለበት የሚሉን መምህራን አሉ። ይሣቅ! እኛ የምንከራከረው ስለ ሰዓቱና ስለ ገንዘቡ ነው። ስለዚህ የተማሪው ማኅበር ለሚቀጥለው ጉባኤ አዘጋጆች በጽሑፍ እንዲያቀርብልን የምንጠይቀው ይህን ነው። የጧቱ የመጀመሪያ ሰዓት በዚያው ዓመት በባሌ ምድር አንድ ነገር ለሠራ ሰው ይሰጥ፤ የዋግ ተመራማሪ ይሁን፤ አዋላጅ ነርስ ትሁን፤ ዘር ሞክሮ የከሰረ ገበሬም ቢሆን ስለ ኪሳራው ያስረዳን። ንግግሩ በኦሮምኛ ቢሆን ለማያውቀው አስተርጓሚ ይቁም። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተከፈለው ገንዘብም በፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ ይታተም። አነቃቂውም አይቅር፤ ከምሳ በኋላ፤ አዳራሹ ሁሉ በሚያንቀላፋበት ሰዓት ይምጣ። ያኔ ማንቃት ሥራ ነው።