የወደብ መብራት ክፍያ ቢቀነስ ወጪውን ማን ይሸከማል?

መርከብ በሌሊት ወደ ወደብ ስትቃረብ ከዓለት የሚጠብቃት መብራት ነው። መብራቱን ማቆምና መጠበቅ ግን ወጪ አለው። ይህን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የብሪታንያን ፓርላማ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በየጊዜው ሲያከራክር ኖሯል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርካታ የመብራት ማማዎች በግለሰቦች እጅ ነበሩ። የመርከብ ባለንብረቶችም ክፍያው ከበደን እያሉ አቤቱታ ያሰሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 የወጣው ሕግ ትሪኒቲ ሃውስ የተባለው ተቋም የግል መብራቶችን እንዲገዛ ሥልጣን ሰጠው። በ1841 በዌልስ ጠረፍ ለሚገኘው የስኬሪስ መብራት ብቻ 444,984 ፓውንድ ተከፈለ። በ1845 አንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ወጪው በሙሉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲሸፈን ቢመክርም ሐሳቡ በተግባር አልዋለም።

ዛሬም የጠረፉ ዋና ዋና መብራቶች ከመርከቦች በሚሰበሰብ ክፍያ ይተዳደራሉ፤ የየወደቡን መብራት የሚያቆመው ግን የወደቡ አስተዳደር ነው። በ2010 በቶን 41 ፔንስ የነበረው አጠቃላይ ክፍያ በ2014 ወደ 40 ፔንስ ዝቅ ብሏል።

ቅነሳውን የሚደግፉ ወገኖች፣ በአውሮፓ ብዙ አገሮች መብራቱን በመንግሥት በጀት ስለሚያስተዳድሩ ክፍያ የሚጠይቅ ወደብ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ይለቃል ይላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የመርከብ ቁጥር ሲቀንስ የመብራቱ ወጪ አብሮ እንደማይቀንስ ያስገነዝባሉ። መርከቦች ያልከፈሉትን ግብር ከፋዩ ይከፍላል፤ አለበለዚያም ጥገናው ይዘገያል።

ጉዳዩ ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪም ሩቅ አይደለም። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የመካከለኛው ምሥራቅ የባሕር ጉዞ መርጃ አገልግሎት የአካባቢውን መብራቶችና ተንሳፋፊ ምልክቶች የሚጠብቀው ወደቦቹን ከሚጎበኙ መርከቦች በሚያገኘው ክፍያ ነው። ይህን መሰሉ ወጪ በማጓጓዣ ዋጋ ውስጥ ገብቶ በመጨረሻ ሸማቹ ዘንድ ይደርሳል። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም አብዛኛውን ገቢ ዕቃዋን በጅቡቲ በኩል ስለምታስገባ በወደብ ላይ የሚጨመር ወጪ ገበያዋን ይነካል።

ስለዚህ የክርክሩ መመዘኛ የክፍያው ማነስ ብቻ ሊሆን አይገባም። ቅነሳው ከአሠራር ቅልጥፍና ከተገኘ ነጋዴውም ሸማቹም ይጠቀማሉ። ከጥገና በጀት ተቆርጦ ከመጣ ግን ዕዳውን በጨለማ የሚጓዘው መርከበኛ ይከፍለዋል።