የፊልም ዲስክን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ፤ የግል ጥቅም ወሰኑ የት ላይ ነው?

በበርካታ ቤተሰቦች የቴሌቪዥን ማስቀመጫ መሳቢያ ውስጥ ዛሬም የፊልም ዲስኮች ተደርድረው ይገኛሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓመታት የአማርኛ ፊልሞች ከሲኒማ ቤት ወጥተው ወደ መኖሪያ ቤት ይገቡ የነበሩት በአብዛኛው በቪሲዲ ነበር። ዲስኮቹን ያጫውቱ የነበሩት መሣሪያዎች ግን በብዙ ቤት ተበላሽተው ተጥለዋል። አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም።

በዚህ ምክንያት ባለ ዲስኮቹ ፊልሞቻቸውን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠው መመልከትን እንደ አማራጭ ይወስዱታል። ተግባሩ ቀላል ቢሆንም አንድ ተገቢ ጥያቄ ያስነሳል። ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ፊልም በሚመቸው መሣሪያ ለማየት የሚገለብጥ ሰው ሕግ ይጥሳል? ጥያቄው በተለይ ለመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ሌላ ገጽታ አለው። በቤት ውስጥ የተፈቀደው ተግባር በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሲፈጸም ያው ተግባር ሆኖ አይቀጥልምና።

በቅድሚያ የቴክኒኩን ጉዳይ መመልከት ይጠቅማል። የቪሲዲ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ አንድ ዲስክ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ የሚደርስ ምስል ነው። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይሸጥ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በቪሲዲ ላይ ያለው ፊልም እንደማንኛውም ፋይል ወደ ኮምፒዩተር ሊቀዳና እንደ ቪኤልሲ ባሉ ነጻ ማጫወቻዎች ሊታይ ይችላል።

ዲቪዲ በአንድ ገጽታው በነጠላ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት፣ በድርብ ንብርብር ደግሞ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። በዚህ ላይ የሚገኘው ፊልም በርካታ ፋይሎች ውስጥ ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ ወደ አንድ ፋይል የሚለውጥ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ከዚህ በተጨማሪ በርካታ የውጭ አገር ዲቪዲዎች ቅጂን ለመከላከል በቁልፍ የተመሰጠሩ ናቸው። የተቧጨረ ዲስክ በመገልበጥ ላይ እያለ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ መጥረግ ይመከራል። በተለይ በቤትና በመሥሪያ ቤት የተቀዱ ዲስኮች መረጃውን የሚይዘው ቀለማቸው በሙቀትና በብርሃን ስለሚደበዝዝ ጊዜ የሚሰጡ አይደሉም።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሥራዎች ጥበቃ በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተካቶ ቆይቷል። በ1996 ዓ.ም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ራሱን ችሎ የወጣ ሲሆን፣ አዋጁ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ሥራን የማባዛት፣ የማሰራጨትና ለሕዝብ የማሳየት መብትን ለሥራው ባለመብት ይሰጣል።

ይሁንና አዋጁ የግል ተጠቃሚውን አልዘነጋም። በአንቀጽ 9 መሠረት የታተመ ሥራን አንድ የተፈጥሮ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ሲያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ፈቃዱ የማያካትታቸው ሥራዎችም በዚያው አንቀጽ ተዘርዝረዋል። ማባዛቱ ከሥራው የተለመደ አጠቃቀም ጋር የሚጋጭ ወይም የባለመብቱን ሕጋዊ ጥቅም አላግባብ የሚጎዳ ከሆነም ፈቃዱ አይሠራም።

በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ሦስት ቁልፍ ቃላት አሉ፤ እነርሱም "የተፈጥሮ ሰው"፣ "ለግል ጥቅም ብቻ" እና "አንድ ቅጂ" የሚሉት ናቸው። የገዛውን ቪሲዲ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ ገልብጦ ከቤተሰቡ ጋር የሚመለከት ሰው ከእነዚህ ከአንዱም አይወጣም። ያንኑ ቅጂ ለአሥር ጓደኞቹ በፍላሽ የሚያድል ሰው ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጥሳል፤ ጥቅሙ የግል፣ ቅጂውም አንድ መሆኑ ቀርቷልና።

የመጀመሪያው ቃል በቀጥታ የሚመለከተው መሥሪያ ቤቶችን ነው። መሥሪያ ቤት የተፈጥሮ ሰው ሳይሆን በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል በመሆኑ የአንቀጽ 9ን ፈቃድ ሊጠቀምበት አይችልም። አንድ ሠራተኛ ፊልም ገልብጦ ሁሉም የሥራ ክፍሎች በሚጋሩት የኔትወርክ ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ "ለመዝናኛ ነው" ወይም "ማንም አልከፈለበትም" የሚለው ምክንያት ተግባሩን የግል ጥቅም አያደርገውም። ፊልሙን በሠራተኞች በዓል ላይ በአዳራሽ ማሳየትም ሆነ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለተሳፋሪ ማጫወት ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጆች ክበብ የወጣ በመሆኑ ለሕዝብ የማሳየት መብትን ይነካል።

ጉዳዩ ተራ የዲሲፕሊን ጥያቄ ብቻ አይደለም። አዋጁ ጥሰትን በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ መደንገጉ የሕግ አውጪው ጉዳዩን በምን ያህል ክብደት እንደተመለከተው ያሳያል። ሕግ የማስከበር ኃላፊነት ያለበት መሥሪያ ቤት በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚፈጸመውን ሳያስተካክል ፊልም በፍላሽ የሚጭኑትን ሱቆች ለመቆጣጠር የሞራል ብቃት አይኖረውም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ወሰኑን መለየት ቀላል እንዳልሆነ ያመለክታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ሕግ የግል ቅጂን ፈቅዳ፣ በመቅጃ መሣሪያዎች ላይ ለባለመብቶች የሚውል ክፍያ ጥላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የዲስክን የመከላከያ ቁልፍ መስበርን ከልክላለች። እንግሊዝ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የግል ቅጂን ብትፈቅድም፣ በባለመብቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት አነስተኛ ስለመሆኑ መንግሥት በቂ ማስረጃ አላቀረበም በሚል ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ወር ደንቡን ሽሮታል። ከእነዚህ አገሮች ጋር ሲነጻጸር የኢትዮጵያ አዋጅ ለግል ተጠቃሚው የሰጠው ፈቃድ ግልጽ ነው ማለት ይቻላል።

መሥሪያ ቤቶች ያረጁ ዲስኮቻቸውን ለማዳን ሕጋዊ መንገድ የላቸውም ማለት ግን አይደለም። አንቀጽ 12 ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና መሰል ተቋማት ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች ሥራን ለመጠበቅ ወይም የጠፋና ከጥቅም ውጪ የሆነ ቅጂን ለመተካት እንዲያባዙ ይፈቅዳል። በሌላ በኩል የተለየ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ሠራተኛ በቅጥር ግዴታው ያዘጋጀው ሥራ መብት የአሠሪው ነው። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ባለሙያዎች ያዘጋጇቸውን የሥልጠናና የዘጋቢ ፊልም ዲስኮች ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አይኖርባቸውም።

በእርግጥም አሳሳቢው ተቃርኖ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊገለበጡ የማይገባቸው የንግድ ፊልሞች ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዘዋወሩ፣ መገልበጥ የሚገባቸው የመሥሪያ ቤቱ ዲስኮች በመዝገብ ቤት ካርቶን ውስጥ ይደበዝዛሉ። ፊልሙን ባለመብቱ ዘንድ ሌላ ቅጂ ይኖረው ይሆናል። የአንድ ወረዳ የመስኖ ሥራ ሲጀመር የተቀረጸው ምስል ግን ከዚያ ዲስክ በቀር ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚጠበቀው ሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በጋራ ኔትወርክ ላይ የተከማቹ ፊልሞችን ማስወገድና ሠራተኞች የግል ቅጂያቸውን በግል መሣሪያቸው ብቻ እንዲይዙ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የተቋሙን ዲስኮች ቆጥሮ መመዝገብ፣ የማን መብት እንደሆኑ መለየትና የራሱ የሆኑትን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ዲስክ የሚያነቡ መሣሪያዎች ከገበያ እየጠፉ በመሆናቸው ሁለተኛው ሥራ ለከርሞ የሚባል አይደለም።