ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዙ ወላጆች

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩት ወላጆች ለልጁ ትምህርት ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ገዝቶ የሚወስድ አለ። እኛም አንድ ገዝተን ሰበታ ባደረስን ጊዜ፥ ልጃችን መምህሩ ያዘዘውን ሥራ፥ ይኸውም በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለተኛ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ ማሠራትን ቢጀምር፥ እምቢ አለው። ነጋዴው ያታለለን መስሎን ልንመልስ ተነሣን።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ይህን ሥራ የሚያግዘው ኃይል በኢንቴልና በኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች ላይ መጨመር የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ሳይከፍል፥ ዊንዶውስ የተጫነበት እንደ ሆነ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ፥ ፐርፎርማንስ ቀጥሎም ሲፒዩ በሚለው ሥር ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን መስመር ይመልከት። «ኢነብልድ» ቢል ኃይሉ ተከፍቷል። «ዲስኤብልድ» ቢል ግን ተዘግቷል እንጂ የለም ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ በሚባለው ማስተካከያ ገብቶ መክፈት ይቻላል። በሊኑክስ የሆነ እንደ ሆነ፥ ስለ ፕሮሰሰሩ በሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ ለኢንቴል ቪ.ኤም.ኤክስ.፥ ለኤ.ኤም.ዲ. ኤስ.ቪ.ኤም. የሚለውን ቃል ይፈልግ። የሚያጠራጥር ቢሆን የፕሮሰሰሩን ስም ከፋብሪካው ዝርዝር ጋር ያስተያይ።

የእኛም ተዘግቶ ኖሮ ልጃችን ወዲያው ከፈተው፤ ነጋዴውን በልባችን ስለ ከሰስነው አፈርን። እንግዲህ በቤታችን ዘገየ ብለን የምንገሥጸው ልጅ ቢኖር፥ ጎድሎበት ነውን ወይስ የሚከፍትለት አጥቶ ነው ብለን አስቀድመን እንመርምር።