«ግሉኮስ ይደረግልኝ» ከማለታችን በፊት

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ አንዲት ጎረቤታችን አሉ። ለረጅም ጊዜ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው፣ የበሉት ሳይስማማቸው፣ አንድ ሰሞን ሲያስቀምጣቸው ሌላ ሰሞን ሲደርቅባቸው ቆየ። እርሳቸው ይህን ሁሉ «ጨጓራ» በሚል አንድ ቃል ይጠሩታል። ተልባውም አጃውም ተሞከረ። ሲብስባቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደው «ግሉኮስ ይደረግልኝ» ይላሉ፤ ይደረግላቸዋል፤ ፊታቸው ፈካ ብሎ ይመለሳሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሕመሙ እንደነበረ ነው። ይህ ምልልስ ከዓመት በላይ ዘለቀ፤ ሰውነታቸውም ከወር ወር እየከሳ ሄደ። በመጨረሻ ሆስፒታል ተመርምረው የተገኘባቸው የአንጀት ቲቢ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የእኚህ እናት ጉዳይ ነው። የጸሐፊው አቋም እንደሚከተለው ነው፦ ሕይወት ለማትረፍ የሚደረግ አስቸኳይ ርዳታ ካልሆነ በቀር፣ ሥር ለሰደደ የሆድ ሕመም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ መታዘዝ ያለበት የበሽታው ምንነት ከታወቀ በኋላ ነው።

ለመሆኑ በከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?

በተለምዶ «ግሉኮስ» የምንለው ፈሳሽ 5 በመቶ ስኳር ያለበት ውሃ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ግሉኮስ ይገኛል፤ ከዚህ የሚገኘው ኃይል ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። አንድ ጎልማሳ በቀን በአማካይ 2000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። እንግዲህ የቀን ምግቡን በዚህ መንገድ እንተካለት ብንል 10 ሊትር ያህል ልናፈስበት ነው፤ ይህን ደግሞ ልብም ኩላሊትም አይችለውም። ፈሳሹ ፕሮቲን፣ ቅባትም ሆነ ቫይታሚን የለውም። ሌላው የተለመደ ከረጢት፣ ሳላይን የሚባለው፣ በሊትር 9 ግራም ጨው የያዘ ውሃ ነው።

ታዲያ ሕመምተኛው ስለምን ይሻለዋል? ያስመለሰውና ያስቀመጠው ሰው ውሃና ጨው ስለሚጎድለው ነው። ጉድለቱ ሲሞላ የደም ዝውውሩ ይስተካከላል፤ ራስ ማዞሩም ይተወዋል። መሻሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የተወገደው ድርቀቱ ብቻ ነው። ጉዳትም ሊኖረው ይችላል። ለብዙ ጊዜ በቅጡ ሳይበላ የቆየ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ሊያልቅበት ይችላል፤ ይህ ቫይታሚን ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢፈስበት አንጎሉ ለአደጋ ይጋለጣል።

መጠጣት ለሚችል ሰው ደግሞ መርፌ የማይጠይቅ መንገድ አለ። ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ግሉኮስና ሶዲየም በአንጀት ግድግዳ ተያይዘው እንደሚገቡ ሐሳብ አቀረበ፤ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ምስጢር ይኸው ነው።

ቦታው የት ነው?

ይህን ስል በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምናን ማጣጣሌ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ እ.ኤ.አ. በ1832 ለኮሌራ ሕሙማን የጨው ውሃ በደም ሥራቸው በመስጠት ጥቂቶቹን ከሞት አፋፍ መልሷል። በ1960ዎቹ ስታንሊ ዱድሪክ በአሜሪካ የተሟላ ምግብ በደም ሥር መስጠት እንደሚቻል አሳየ፤ አንጀታቸው ሥራውን ላቆመ ሰዎች ይህ ትልቅ ተስፋ ሆነ። በእንክብል የሚወሰድ ብረት ለማይስማማቸው የአንጀት ሕሙማንም ብረት በደም ሥር ይሰጣል።

ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ኢንፍሊክሲማብ ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የክሮን በሽታ ለተባለው ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ተፈቀደ። በመጀመሪያ በ0፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየ8 ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። የሚሠራው ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን በማገድ ነው። ይኸው ፕሮቲን ግን በሰውነታችን ውስጥ የተኛውን የቲቢ ባክቴሪያ አጥሮ ከሚይዙት ዘበኞች አንዱ ነው። ዘበኛው ሲነሣ ቲቢው ሊቀሰቀስ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው።

ችግሩን የሚያወሳስበው የክሮን በሽታና የአንጀት ቲቢ እጅግ መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም የትንሹን አንጀት መጨረሻ ማጥቃት ያዘወትራሉ፤ ሁለቱም ያቆስላሉ፣ ያጠብባሉ። በጎረቤታችን ላይ የተፈጸመው ስሕተት ጊዜ ማባከን ነበር። ሕመማቸው ክሮን ነው ተብሎ ኢንፍሊክሲማብ ቢሰጣቸው ኖሮ ግን ሕክምናው ራሱ በሽታውን ባቀጣጠለው ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ በመደባት በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ለጥያቄው የሚሆነው ዕውቀት ደግሞ እዚያው ኮልፌ ቀራኒዮ ይገኛል። ዘነበወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተመሠረተው አለርት አለ፤ በዚያው ግቢ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም ይገኛል። የሥጋ ደዌና የቲቢ ባክቴሪያዎች የአንድ ወገን ዘመዳሞች በመሆናቸው፣ ኢንስቲትዩቱ ሁለቱንም ሲመረምር ኖሯል። ከዚህ ግቢ የታክሲ መንገድ ብቻ ርቀው የሚኖሩ እናት ከዓመት በላይ በስኳር ውሃ ሲታለሉ መኖራቸው ሊያሳስበን ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ በየቤታችሁ «ጨጓራ» የሚል ስም ብቻ ይዞ የሚማቅቅ ሰው አይጠፋም። ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም በዓይነ ምድር ደም ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለምርመራ እንዲሄዱ ምከሯቸው። ከረጢት ከተሰቀለም በላዩ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ «ይህ ለየትኛው በሽታ ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁ። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ በሽታውን የሚሸሽገው ከረጢቱ ራሱ ነው።

ጎረቤታችን ለ6 ወራት የቲቢ መድኃኒታቸውን ወስደው ጨርሰዋል፤ ሁሉም እንክብል ነበር። ዛሬ እንጀራ ይስማማቸዋል።