አንዲት ብናኝ የምትገድበው ግዙፍ ማሽን

ከየካ ክፍለ ከተማ በስተሰሜን ባሉት የእንጦጦ ተራሮች ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት። በቴሌስኮፕ መስተዋት ላይ የሚያርፍ አቧራ ብርሃንን ይበትናል፤ ጉዳቱ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣና በጥንቃቄ በሚደረግ እጥበት የሚመለስ ነው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በሌላቸው ብረቶች የሚሠሩት ዘመናዊ የቅንጣት ማፋጠኛዎች ለአቧራ ያላቸው ትዕግሥት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

እነዚህ ማሽኖች ቅንጣቶችን የሚገፉት ኒዮቢየም ከተባለ ብረት በተሠሩ ጎድጓዳ ክፍሎች ውስጥ በሚፈጠር ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ክፍሎቹ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛሉ። በግድግዳቸው ላይ አንድ ማይክሮሜትር የምታህል፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት በብዙ አሥር እጥፍ የምታንስ ብናኝ ብትቀር፣ ሹል ጫፏ መስኩን በራሷ ላይ ታከማቻለች፤ ኤሌክትሮኖችም ይፈልቃሉ። ክስተቱ የመስክ ልቀት ይባላል። የፈለቁት ኤሌክትሮኖች ሌላውን ግድግዳ ሲመቱ ሙቀትና ኤክስሬይ ስለሚፈጥሩ ማሽኑ ከአቅሙ በታች ለመሥራት ይገደዳል።

መፍትሔው ተራ ይመስላል፤ እጥበት ነው። ክፍሎቹ 100 ባር በሚደርስ ግፊት በሚረጭ እጅግ የተጣራ ውኃ ይታጠባሉ፤ የሚገጣጠሙትም አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው። አየር የሚወጣውና የሚገባው በዝግታ ነው፤ ፈጣን ነፋስ ብናኝ ያንቀሳቅሳልና። በጀርመን ሐምቡርግ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው፣ 3.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአውሮፓ ኤክስሬይ ሌዘር ከ700 በላይ ክፍሎቹን ያዘጋጀው በዚህ ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ደግሞ ክፍሎቹ ሳይፈቱ በኒዮንና በኦክስጅን ፕላዝማ የሚጸዱበት ዘዴ ውጤት አስገኝቷል። ፈትቶ መግጠም ራሱ አዲስ ብናኝ ሊያስገባ ስለሚችል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ማፋጠኛ የለም። ዜጎች በቅርብ የሚያውቁት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለውን ሊኒየር አክሰለሬተር ነው፤ ይህ ዓይነቱ ማሽን በመዳብ ክፍሎች ስለሚሠራ ያን ሁሉ ቅዝቃዜ አይሻም። ያም ሆኖ ተራ የሚጠብቅ ታካሚ ጥቅም የሚያገኘው ማሽኑ በመገዛቱ ሳይሆን ሳይቋረጥ በመሥራቱ ነው፤ ለዚህም የቫኪዩምና የጥገና ባለሙያ ያስፈልጋል። አፍሪካ ሲንክሮትሮን የተባለው የብርሃን ምንጭ የሌላት ብቸኛ የሰው መኖሪያ አህጉር በመሆኗ፣ የአፍሪካ የብርሃን ምንጭ የተሰኘው ውጥን ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል። የሚገነባበት ቦታ እስኪወሰን ሳይጠበቅ፣ በንጹሕ ክፍል መሥራትንና የቫኪዩም ጥገናን የሚያውቁ ቴክኒሻኖችን ማሠልጠን ከወዲሁ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።