መድኃኒቱ ከበሽታው ሁለት ወር ቀድሞ ደርሶ ነበር

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች አንድ አስቸኳይ የደኅንነት ማስተካከያ አወጣ። ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ተያይዘው ፋይል በሚጋሩበት የሶፍትዌር ክፍል ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ «ሻዶው ብሮከርስ» ነኝ የሚል ቡድን በዚሁ ክፍተት ሰርጎ የሚገባ፣ ኤተርናልብሉ የተሰኘ የጥቃት መሣሪያ ለዓለም በተነ። ግንቦት 4 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ መሣሪያውን የተጠቀመው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ተነሣ፤ በቀናት ውስጥም በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። ለመክፈቻ የጠየቀው 300 ዶላር ነበር።

ክፍተቱ ባለሙያዎች «ከርቀት ትእዛዝ ማስፈጸሚያ» ከሚሉት ወገን ነው። ሰርቨር ሌት ተቀን በር ላይ ቆሞ ከውጭ የሚመጣለትን መልእክት የሚቀበል ዘበኛ ነው ብንል፣ ይህ ክፍተት ዘበኛው በተንኮል የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ የተጻፈውን ሁሉ እንዲፈጽም ያደርገዋል። የይለፍ ቃል መስረቅ አያስፈልግም፤ ሠራተኛው አጠራጣሪ ነገር እስኪከፍትም አይጠበቅም።

ስንዴ አምራች አርሶ አደሮቻችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለባቸውም። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ ሲዛመት፣ ኩብሳ የተባለው በሽታውን የማይቋቋም ዝርያ በሰፊው ተዘርቶ ነበር። በነፋስ የሚጓዘው ዋግ የማሳ ድንበር አያውቅም፤ አንዱ ያልረጨው ማሳ ለጎረቤቱም መዘዝ ነው። አንድ ዓይነት ሶፍትዌር የሞላበት ኔትወርክም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ዋጉ ሳምንታት የሚፈጅበትን ዋናክራይ በሰዓታት መፈጸሙ ነው።

ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙ የተጠናው የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ነው። ከ236 የአገልግሎቱ ድርጅቶች 80ዎቹ ተስተጓጉለዋል፤ 19 ሺህ ያህል የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙም ተገምቷል። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ያወጣው ዘገባ ከቫይረሱ ይልቅ ስለ አሠራሩ ብዙ ይናገራል። የጤና አገልግሎቱ የመረጃ ቴክኖሎጂ አካል በመጋቢትና በሚያዝያ ማስተካከያው እንዲጫን ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር። ይሁን እንጂ መጫኑን የሚያረጋግጥ ሥርዓት የበላይ መሥሪያ ቤቱ አልነበረውም። ደብዳቤው ወጣ፣ ፋይል ተደረገ፣ ሥራው እንደተሠራ ተቆጠረ። ይህ አሠራር ለእኛም ቢሮዎች እንግዳ አይመስለኝም።

ላለመጫናቸው ምክንያት አልነበራቸውም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ማስተካከያ ለመጫን ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል፤ ሕሙማን ተሰልፈው ሳለ ይህን ማን ይደፍራል? አንዳንዱ የምርመራ መሣሪያም ያለ አምራቹ ፈቃድ የማይነካ ነው። ለዚህም ቢሆን መውጫ ነበረ፦ መጫን ያልተቻለበትን ማሽን ከሌሎቹ ነጥሎ ማስቀመጥ፣ የማይፈለገውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ አገልግሎት መዝጋት፣ ከበይነ መረብ ወደዚያ የሚያደርሰውን መግቢያ ማገድ። ኦዲተሩም የኔትወርኩ መከላከያ አጥር በአግባቡ ቢያዝ ኖሮ ድርጅቶቹ ራሳቸውን መጠበቅ ይችሉ እንደነበር ጽፏል።

ዛሬ የከተማ ነዋሪው ክፍያም የአርሶ አደሩ የባንክ ሒሳብም በሰርቨር ላይ ስለሚያድር፣ ነገሩ የባለሙያ ወሬ ሆኖ የሚተው አይደለም። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲታወጅ ተቋማት በመጀመሪያ ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ «ይህ ሶፍትዌር የትኞቹ ማሽኖቻችን ላይ አለ?» የሚለው ነው። ዝርዝር የሌለው ተቋም የማሳውን ስፋት ሳያውቅ ፀረ አረም እንደሚገዛ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጭን፣ መጫኑንስ ማን እንደሚያረጋግጥ በስም መታወቅ አለበት።

ማስተካከያ ብቻውን ሁሉንም እንደማያድን ደግሞ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ታይቷል። በዩክሬን የግብር ሒሳብ ሶፍትዌር በኩል የገባው ኖትፔትያ ኤተርናልብሉን ከተሰረቁ የይለፍ ቃሎች ጋር አጣምሮ ስለተጠቀመ ማስተካከያ የተጫነባቸውን ማሽኖች ጭምር አጠፋ። ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ ለመጫን ተገደደ፤ ኪሳራውም እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። የኔትወርኩን ተጠቃሚዎች መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮች በሙሉ እርስ በርሳቸው ቅጂ የሚለዋወጡ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። ከአንዱ በቀር፦ እርሱም ጋና የነበረው ነው፤ ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርኩ ተቋርጦ ነበር። መረጃውን የያዘው ዲስክ ከጋና ወደ ናይጄሪያ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ኩባንያው ሥራውን ቀጠለ። ከኔትወርክ ተለይቶ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ በዕቅድ የሚያስገኘውን፣ ሜርስክ ያገኘው በመብራት መጥፋት ነው።